ስልሳኛው ዓመት በመሐል ሜዳ

ክቡራን አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት፣ በአገራችን የቆየው ልማድ ከተወለዱበት ቀን ይልቅ ክርስትና የተነሡበትን ቀን ማሰብ ነው። ዓመቱም በቁጥር ሳይሆን በነገር ይጠራል፤ አንዱ የዘመቻው ዓመት ልጅ ነው፣ አንዲቱ የክፉ ቀን ልጅ ናት ይባላል። የልደትን ቀን በቤት ማክበር ወደ መንዝ፣ ወደ ግሼና ወደ መርሐ ቤቴ ደጋ የገባው በቅርብ ዘመን ነው። የመንግሥት ሠራተኛም በስልሳ ዓመቱ ጡረታ ስለሚወጣ፣ ስልሳኛው ዓመት ከሌሎቹ ተለይቶ የሚጠበቅ ሆኗል።

ባለፈው 2017 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በመሐል ሜዳ ከተማ ጡረታ በወጡ አንድ የመንግሥት ሹም ቤት ተጋብዘን ነበር። እኚህ ሰው ሥራ ሲገቡ የልደታቸውን ቀን ተጠይቀው «አላውቀውም» ስላሉ፣ ጸሐፊው በራሱ ፈቃድ መስከረም 1 ቀን 1957 ዓ.ም. ብሎ መዘገበው። (እንዲህ ያለውን መስከረም 1 ቀን ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ሳያውቁት አይቀሩም።) ልጆቻቸው ግን ለስልሳኛው ዓመት እውነተኛውን ቀን ለማግኘት ፈልገው ወደ አያታቸው ሄዱ። አሮጊቷም ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ እንደ ነበረ፣ ልጃቸውም በአስተርእዮ ማርያም ክርስትና እንደ ተነሣ ነገሯቸው። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ይጠመቃልና፣ ከጥር 21 ቀን ወደ ኋላ ቢቈጥሩት ታኅሣሥ 12 ቀን ሆነ። 1957 ዓ.ም. በእርግጥ ዘመነ ማቴዎስ ነበረ። ስለዚህ ሹሙ ከሥራ የተሰናበቱት ከሦስት ወር በላይ አስቀድመው መሆኑ ታወቀ። እሳቸው ግን ስቀው ዝም አሉ።

ታኅሣሥ 12 ቀን የነቢያት ጾም ነው። በግ አይታረድም፣ ቅቤም አይነካም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆች ድግሱን በመጽሐፍና በፊልም አደረጉት። የመንዝ የታኅሣሥ ብርድ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ሰው ሁሉ በባና ተጠቅልሎ፣ የገብስ ቆሎ እየቆረጠመ በምድጃው ዙሪያ ተቀመጠ፤ በግድግዳውም ላይ ነጭ ጋቢ ተዘረጋ። ሲኒማ በአዲስ አበባ በጀመረበት ዘመን ሰዉ ፈርቶ ቤቱን «ሰይጣን ቤት» ብሎት እንደ ነበረ አሰብን፤ አሁን ግን ጥቁር ካባ የለበሱ ካህን ሳይቀሩ ከፊት ተቀምጠው ይመለከቱ ነበር።

መጀመሪያ የታየው ስለ ጓሳ የተነሣ ፊልም ነው። ጭላዳ ዝንጀሮውና ቀይ ቀበሮው ሲያልፉ ልጆቹ ተደሰቱ፤ ባለ ልደቱ ግን የሚያዩት ሣሩን ነበር። በልጅነታቸው ጓሳው በአባቶች ሥርዓት ለዓመታት ተጠብቆ በተፈታ ጊዜ፣ ከአባታቸው ጋር ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆን ሣር ያጨዱበትን ተረተር በጣት እያሳዩ ነገሩን። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ ያ ሥርዓት መፍረሱን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

ከዚያ በኋላ የሠርጋቸው ፊልም ተጀመረ፤ ሙሽራይቱ ገና ከቤት ሳትወጣ መብራት ጠፋ።

ይህን ጊዜ የመጽሐፉ ተራ ደረሰ። ታላቂቱ ልጅ ያመጣችላቸው ስጦታ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር፤ መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ስለ ሆነ ከአባቷ በአንድ ዓመት ያንሳል፤ «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው የአማርኛ ፊልም ደግሞ የወጣው በተወለዱበት በ1957 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛው ልጅ ከጎረቤት አገር ከመርሐ ቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የጻፉትን «ወዳጄ ልቤ» በኩራዝ ብርሃን አነበበ። ብላቴን ጌታ በ1870 ዓ.ም. ተወልደው ስልሳ ዓመት የሞላቸው በእንግሊዝ አገር በስደት ሳሉ ነው፤ በዚያው በመስከረም 1931 ዓ.ም. ዐረፉ። በ1915 ዓ.ም. ባሳተሙት «የሕይወት ታሪክ» የብዙ ሰዎችን ዕድሜና ሥራ ለኋላ ልጆች መዝግበው የተዉ ሰው፣ የራሳቸውን ስልሳኛ ዓመት ከአገራቸው ርቀው ማሳለፋቸውን ስንሰማ ሁላችንም ዝም አልን።

ዝምታውን የሰበሩት አሮጊቷ ናቸው። በቤቱ የነበረውን የብራና ዳዊት አስመጥተው፣ የልጃቸው ቀን በባዶው ቅጠል ላይ እንዲጻፍ አዘዙ። በዚያው ቅጠል የቀደሙት ሰዎች ልደትና ዕረፍት ተጽፎ ነበር። የልጅ ልጃቸው ታኅሣሥ 12 ቀን 1957 ዓ.ም. ብላ በጥንቃቄ ጻፈችና ቀና ብላ፦

«የእርስዎስ፣ እማማ?» አለቻቸው።

«የእኔማ ማን ያውቀዋል ልጄ! ጠላት የወጣ ጊዜ ጡት እጠባ ነበር ይሉኛል።»

«ክርስትናዎስ በማን ቀን ነበር?»

አሮጊቷ ብዙ አሰቡ። በዚህ መካከል መብራቱ ተመለሰ፤ በጋቢውም ላይ ሙሽራይቱ ከቤት ወጣች፤ ነገር ግን ዘወር ብሎ ያያት አልነበረም። ልጅቱ 1933 ዓ.ም. ጽፋ፣ ለቀኑና ለወሩ የሚሆን ስፍራ ትታ፣ ብዕሯን እንደ ያዘች ትጠብቅ ነበር።