አዲሱ መዝገብ ሲገባ አሮጌው የት ይሁን?



አንድ የመሥሪያ ቤት ሹም በዚህ ሳምንት እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፤ «የመዝገብ ቤታችን የኮምፒዩተር የመረጃ ቋት ወደ አዲስ እትም ሊሸጋገር ነው ተብሏል። ለዚህ ሥራ ቅዳሜና እሑድ አይበቃም ወይ?» ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን አጭር አይደለም። ስለዚህ ይህንኑ ሥራ ሠርቶ ታሪኩን ለሕዝብ የጻፈ አንድ ትልቅ ኩባንያ ምሳሌ ይሁነን።

ጊትሀብ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች ከየአገሩ ሥራቸውን በአደራ የሚያኖሩበት ቤት ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2008 ሲከፈት የነበረው የመረጃ ቋት አንድ ብቻ ነበር። ከ15 ዓመት በኋላ ግን ቋቶቹን የሚጠብቁት ሰርቨሮች ከ1,200 በላይ ሆኑ። እነዚህም ከ50 በሚበልጡ ክፍሎች ተመድበው ከ300 ቴራባይት በላይ መረጃ ይይዙ ነበር፤ በየሰከንዱም 5.5 ሚሊዮን ያኽል ጥያቄ ይመልሱ ነበር። የሚሠሩበት ፕሮግራም ማይ ኤስ ኪው ኤል ይባላል። 5.7 የተባለው እትሙ የሠሪዎቹ ድጋፍ በኦክቶበር 2023 የሚያበቃ ስለ ሆነ፥ ወደ 8.0 መሻገር ግዴታ ሆነ። ዝግጅቱ በጁላይ 2022 ተጀመረ፤ ሥራው ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ።

ይህን ያኽል ለምን ዘገየ? በየክፍሉ አንድ ዋና ሰርቨር አለ፤ አዲስ ነገር የሚጻፍበት እርሱ ብቻ ነው። የቀሩት ገልባጮች ናቸው፤ ዋናው የጻፈውን እየተከተሉ ይቀዳሉ፤ ለማንበብ የመጣውንም ጠያቂ ያስተናግዳሉ። ሠራተኞቹ መጀመሪያ አንዱን ገልባጭ ብቻ ወደ አዲሱ እትም አሻገሩና ጠባዩን ተመለከቱ። ደኅና መሆኑን ሲያዩ ሌላውን ጨመሩ። ወደ ዋናው የደረሱት በመጨረሻ ነው። እርሱንም ቢሆን በተቀመጠበት አላደሱትም፤ ከታደሱት ገልባጮች አንዱን መርጠው ወደ ዋናነት ማዕርግ ከፍ አደረጉት እንጂ።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አዲሱ ከተሾመ በኋላ እንኳ ጥቂት አሮጌ ገልባጮች አልተሰናበቱም። ጠያቂ አይላክባቸውም፤ ነገር ግን አዲሱ ዋና የሚጽፈውን ሁሉ እየተከተሉ መገልበጣቸውን ይቀጥላሉ። ክፉ ነገር ቢያጋጥም ሥራው ወደ እነርሱ ሊመለስ ይችላል፤ በመካከሉ የተጻፈውም በእጃቸው አለ። የሚሰናበቱት ክፍሉ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት፥ ማለት ሥራ የሚበዛበትን ሰዓት ጨምሮ 24 ሰዓት፥ በደኅና ከዋለና ካደረ በኋላ ነው። ጥንቃቄውም ከንቱ አልነበረም። በሙከራ ጊዜ ያለ ችግር ያለፉ፥ በእውነተኛው ሥራ ላይ ግን አዲሱን እትም እስከ መጣል የደረሱ ጥያቄዎች ተገኝተዋል፤ እነርሱም በአንድ ጊዜ በዐሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ነገሮችን ዘርዝረው «ከነዚህ የትኞቹ አሉ?» የሚሉ ዐይነት ነበሩ።

ነገር ግን አሮጌው አዲሱን እንዲከተል ማድረግ የራሱ ችግር አለው። ማይ ኤስ ኪው ኤል በደንብ የሚደግፈው አዲሱ ከአሮጌው ሲገለብጥ ነው፤ ወደ ኋላ ሲሆን ዋስትና የለም። 8.0 የትኛው ፊደል ከየትኛው ጋር እንደሚተካከልና የትኛው እንደሚቀድም የሚወስን አዲስ ደንብ ይዞ መጣ፤ 5.7 ደግሞ ይህን ደንብ ጨርሶ አያውቀውም። በዚህ ምክንያት ወደ ኋላ የሚሄደው ግልባጭ የተቋረጠበት ጊዜ ስለ ነበረ፥ አዲሱ እትም ለጊዜው በአሮጌው የፊደል ደንብ እንዲሠራ ተደረገ።

የፊደል ደንብ ሲባል አንባቢ ነገሩን አቃልሎ እንዳያየው እለምናለሁ። እኔ በትግርኛ ያደግሁ ስለ ሆንሁ አልፋው አ እና ዐይኑ ዐ፥ ሃሌታው ሀ እና ሐመሩ ሐ ለጆሮዬ የተለያዩ ናቸው። በአማርኛ ንግግር ግን ድምፃቸው አንድ ነው፤ ጸሐፊውም እንደ ልማዱ አንዱን በሌላው ቦታ ይጽፋል። አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ ባልንጀሮቼ ይህን ሳትታዘቡት አልቀራችሁም።

ቀድሞ በነበርሁበት አንድ መሥሪያ ቤት የነበረው አሮጌ ፕሮግራም ሁለቱን ፊደላት እንደ አንድ እየቈጠረ ይፈልግ ነበር። አዲሱ እትም በእሑድ ገባ፤ ሰኞ ጧት የአሮጌው ማሽን መረጃ ተጠረገ። ከዚያ በኋላ ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ስለ ጡረታቸው ሦስት ጊዜ መጥተው ሦስት ጊዜ «ስምዎ በመዝገብ የለም» ተባሉ። ከእነዚህ በአንዱ ቀን መልሱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። በአራተኛው ጊዜ ሲመጡ አንድ አረጋዊ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ከወንበራቸው ተነሥተው «ልጆቼ፥ እስቲ በዐይኑ ዐ ሞክሩት» አሉ። ስማቸው ወዲያው ወጣ። እኒያ እናት ምንም አልተቈጡም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና ወረቀታቸው እስኪጻፍ ጠበቁ።

እንደርሳቸው «የለም» ተብለው የተመለሱ ሌሎች ስንት እንደ ሆኑ ለማወቅ አዲሱን መዝገብ ከአሮጌው ጋር ማስተያየት ተፈለገ፤ አሮጌው ግን አልነበረም። ለጠያቂያችን የምመክራቸውም ይህን ነው፤ ባለሙያዎቹ ሲመጡ ስንት ቀን እንደሚፈጅባቸው ከመጠየቅ በፊት አሮጌው ስንት ቀን አብሮ እንደሚቈይ፥ ያንንም የሚያዘጋ ማን እንደ ሆነ ይጠይቁ። እኛ ስሞቹን ከወረቀቱ ፋይል ጋር አንድ በአንድ እያስተያየን ከመጋቢት እስከ ሰኔ ተቀመጥን።