ለአሮጌ የናፍጣ መኪና ስለሚያስፈልገው የጥገና መሣሪያ

የአረርቲ ነጋዴ ጤፉንና ሽምብራውን ለአዲስ አበባ ገበያ የሚያቀርበው በጭነት መኪና ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ዕድሜ የጠገቡ የናፍጣ መኪናዎች ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ፣ በእጅ ያለውን መኪና ጠግኖ ማቆየት ከቀድሞው ይልቅ ዋጋው ከፍ ብሏል።

ስለ መለዋወጫ ዕቃ እጥረት ብዙ ይነገራል፤ ስለ መሣሪያው ግን የሚያነሣ እምብዛም የለም። ለምሳሌ ያህል የግፊት መለኪያውን እንመልከት። ጤነኛ የቤንዚን ሞተር ከ10 እስከ 14 ባር ያህል ይጨምቃል፤ የናፍጣው ግን ከ20 አልፎ እስከ 35 ባር ይደርሳል። እንግዲህ ለቤንዚን የተሠራው መለኪያ በናፍጣ ሞተር ላይ ቢታሰር ከመበላሸት በቀር የሚናገረው ነገር የለም። መለኪያ ያጣ መካኒክም በጭስና በድምፅ ይፈርዳል። ጥፋቱ የአንድ ኢንጀክተር ብቻ ሆኖ ሳለ ቴስታታው ይወርዳል፤ ባለመኪናውም ጭነቱ ቆሞ ሳያስፈልገው ጓርኒሲዮን ይገዛል።

የቁጥሩም ነገር እንዲሁ ነው። የጃፓንና የጣሊያን መኪናዎች በሚሊሜትር ሲሠሩ፣ በድሮው ላንድሮቨር ላይ ግን የኢንች ቡሎን ይበዛል። ግማሽ ኢንች የሆነ የቡሎን ራስ 12.7 ሚሊሜትር ነው፤ 13 ቁጥር መፍቻ ይገባበታል፣ ነገር ግን ስለሚላወስ ጠርዙን ይልጠዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የመሮና የመዶሻ ነው። (ካቻቢቴና ፒንሳ እያልን ስሙን ከጣሊያኖች ስንወርስ፣ ልክን መጠንቀቅ አብሮ አለመምጣቱ ያሳዝናል።)

አስመጪዎች «ገዢ የለውም» ይላሉ። በከፊል እውነት አላቸው፤ የኢንጀክተር መፈተሻውን አንድ ትንሽ ጋራዥ ብቻውን ሊገዛው አይችልም። ይሁን እንጂ የከተማው ባለሱቆች በኅብረት ገዝተው ለጋራዦች በቀን ኪራይ ቢሰጡት ገንዘባቸው ይመለሳል ብለን እናምናለን። ሰባራ ብረት የሞላበትን ባለ መቶ ዕቃ ሣጥን ከማከማቸት ይልቅ፣ ለናፍጣ የሚሆነውን መለኪያና ጥቂት ደኅና የኢንች መፍቻዎች ማስመጣት ይሻላል። ባለሱቁም ዕቃውን ሲሸጥ ለየትኛው መኪናና ሞተር እንደሚሆን በደረሰኙ ላይ ቢጽፍ፣ ገዢው ከአረርቲ እስከ መርካቶ ሶማሌ ተራ ለመመለስ ባልተገደደ ነበር።