ነገርን ከሥሩ

ከመካከላችን «ቲዎሪ እንጀራ አይሆንም» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ቀመሩን ለፈተና እንሸመድዳለን፤ ፈተናው ሲያልፍ እንረሳዋለን። እኛም ከዚህ ጥፋት ንጹሓን ነን አንልም። ነገር ግን አባባሉ እውነት መሆን አለመሆኑን በአንድ ምሳሌ እንመርምር።

በአሲድ ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሰደን ሃይድሮጅን ማውጣት ብንፈልግ፣ ኤሌክትሮዱ ፕላቲን ከሆነ ሥራው በቀላሉ ይቃናል፤ ባዜቃ ከሆነ ግን ብዙ ተጨማሪ ቮልት ይጠይቃል። አሲዱ ያው ነው፤ የሚወጣውም ጋዝ ያው ነው። ልዩነቱ ከምን መጣ? ባዜቃ የሃይድሮጅንን አቶም እጅግ አላልቶ ስለሚይዝ አቶሙ ከገጹ ላይ አይረጋም። አጥብቀው የሚይዙ ብረቶች ደግሞ አንለቅም ይላሉ። ፕላቲን መካከለኛውን ይዟል። ፈረንሳዊው ሳባትዬ ስለ ካታሊስት ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ ጥሩ ካታሊስት በልኩ ይዞ በጊዜው የሚለቅ ነው።

ኤሌክትሮኑስ ሲሻገር የሚያዘገየው ምንድን ነው? ሩዶልፍ ማርከስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. መልስ ሰጠ። ኤሌክትሮን ቀላልና ፈጣን ነው፤ የሚያዘገየው በዙሪያው ያለው ውሃ ነው። እንግዳ ሳይገባ ቤት እንደሚሰናዳ ሁሉ፣ የውሃው ሞለኪዩሎች አስቀድመው መሰናዳት አለባቸው። ቆይቶም ሐሳቡን ወደ ኤሌክትሮድ ገጽ አስፋፋው። ከቲዎሪው አንድ የሚያስደንቅ ነገር ወጣ፤ በሞለኪዩሎች መካከል የሚገፋው ኃይል ከልክ ሲያልፍ ሽግግሩ ይዘገያል እንጂ አይፈጥንም። ብዙዎች ተጠራጠሩ። በሙከራ በግልጽ የታየው በ1984 ሲሆን፣ ማርከስ በ1992 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። እርሳስና ወረቀት ቤተ ሙከራውን ከሃያ ዓመት በላይ ቀደሙት ማለት ነው።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው የሚል ቢኖር፣ አገራችን የኤሌክትሪክ ኃይሏን በብዛት የምታገኘው ከወንዞቿ መሆኑን ያስታውስ። በዚህ ኃይል ውሃን ከፍሎ ሃይድሮጅን፣ ከሃይድሮጅኑም ከአየር ናይትሮጅን ጋር ማዳበሪያ መሥራት ይቻላል። ፕላቲን ግን ውድ ነው። ፕላቲን ለምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው በኒኬልና በብረት ምትኩን ይፈልጋል፤ የማያውቅ ግን ሌሎች የሠሩትን ሲገዛ ይኖራል። እንጀራን የሚያሳጣን እንግዲህ ቲዎሪው ሳይሆን ሽምደዳው ነው።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ቀመር በሰሌዳ ላይ በተጻፈ ቁጥር ከመገልበጣችን በፊት እጃችንን አንሥተን «ለምን?» ብለን እንጠይቅ። መምህሩ ቢቸግረው እንኳ አብረን እንፈልገው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ያሉት አባቶቻችን በከንቱ አልተናገሩም።