የጀልባዋ መሪ ጋ ተመችቶ መቀመጥ

የዚህ ሳምንት ጥያቄ ከወትሮው ለየት ይላል። የላከችልን አሜሪካ ያደገች ወጣት ናት። አባቷ 17 ጫማ፣ ማለትም 5 ሜትር ገደማ የምትሆን ያገለገለች የሞተር ጀልባ ገዝተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተሰቡን ይዘው ሐይቅ ላይ ይወጣሉ። ነገር ግን ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው ሲነዱ ወገባቸውን ያማቸዋል። ቆመው ሲነዱ ደግሞ ጉልበታቸው አይችልም። አሁን ጀልባዋን ሊሸጧት አስበዋል። ልጅቷ የምትጠይቀው «ሳትሸጥ ምን ማድረግ ይቻላል?» ብላ ነው።

ብዙ ማድረግ ይቻላል። አብዛኛውም ርካሽ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ቃል እንያዝ። «መሪ» ሰው ሲሆን ሌሎችን የሚመራ ነው። መኪና ወይም ጀልባ ላይ ሲሆን ግን በእጃችን የምናዞረው ክብ ነገር ነው። ሁለቱም የመጡት «መራ» ከሚለው ግስ ነው። የጣና ሐይቅ ታንኳ ከደንገል ይሠራል፤ እንዲህ ያለ መሪ የለውም፤ ቀዛፊው በመቅዘፊያው አቅጣጫ ያስይዘዋል። የእኛ ችግር ግን መሪ፣ ወንበርና ሞተር ያላት ጀልባ ላይ ነው።

አዲስ ወንበር ከመግዛት በፊት መለካት ይሻላል። ጀልባዋ ተጎታቹ ላይ እንዳለች አባትሽ ወንበሩ ላይ ይቀመጡ። ሁልጊዜ የሚያደርጉትን ጫማና ላይፍ ጃኬት ይልበሱ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ጃኬቱ ወፍራም ስለሆነ ጀርባን ከወንበሩ መደገፊያ ያርቃል፤ ያለ ጃኬት የተለካ ልክ ውኃ ላይ አይሠራም።

አሁን እግራቸውን ተመልከቺ። የእግራቸው መዳፍ ሙሉ በሙሉ ወለሉን ይነካል? ካልነካ የወንበሩ ጠርዝ ጭናቸውን ከሥር ይጫናል፤ እግርም ይደነዝዛል። በወንበሩ ጠርዝና በጉልበታቸው ጀርባ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖር አለበት። ከዚያ እጃቸውን ተመልከቺ። ትከሻቸው መደገፊያውን እንደነካ፣ ክንዳቸው ትንሽ ታጥፎ መሪውን መያዝ አለባቸው። መሪውን ለመያዝ ወደ ፊት የሚያጎነብሱ ከሆነ፣ የወገባቸው ሕመም ዋና ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

እኔ ብሆን የምጀምረው ከእግር መርገጫ ነው። ትንሽ ዘንበል ያለ፣ የማያንሸራትት ሳንቃ ወይም የብረት ቱቦ ይበቃል። መኪና ውስጥ መንገዱ አይነሳብንም። ጀልባ ውስጥ ግን ማዕበል ሲመጣ ወንበር ላይ እንንሸራተታለን። እግር የሚገፋው ነገር ሲያገኝ ወገብ ያርፋል። ሳይረገጥ የሚነዳ ሰው ሳያውቀው መሪውን እንደ መደገፊያ ይይዘዋል፤ ትከሻውም ይደክማል።

ወንበሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ቢገጠምለትም ጥሩ ነው፤ በተለይ አጭሯ እናትና ረጅሙ ልጅ ተራ በተራ በሚነዱበት ቤት። መሪው ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ የሚገባ ዘንበል ማድረጊያ ይሸጣል። የፍጥነት እጀታውንም አትርሱት። ክንድ ሳይዘረጋ እጅ ሊደርስበት ይገባል።

ከፍታው ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትንሽ ጀልባ ፍጥነት ስትጨምር አፍንጫዋ ወደ ላይ ይነሳል። ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው በዚያች ቅጽበት ከፊቱ ውኃውን አያይም። ከፊት የሚዋኝ ሰው ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ወንበሩን ከፍ ማድረግ የምቾት ብቻ ጉዳይ አይደለም። ነገር ግን የንፋስ መከላከያው መስታወት የላይኛው ጠርዝ ልክ ዓይን ፊት ላይ እንዳይመጣ ተጠንቀቁ። ወይ ከመስታወቱ በላይ፣ ወይ በመስታወቱ ውስጥ በግልጽ ማየት ነው። መሃል ላይ ከሆነ ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ይውላል።

ረጅም የወንበር እግር ወለሉን እንደ ዱላ ይነቀንቀዋል። በእንጨት ብሎን ብቻ የተያዘ ወንበር አንድ ቀን ከነሰውየው ይነቀላል። በወለሉ አልፎ የሚወጣ ብሎን፣ ከሥር ሰፊ ላሜራ፣ ሮንዴላና ዳዶ ይደረግለት። (አባትሽ እነዚህን ቃላት ያውቋቸዋል። ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ትራፓኖ፣ ካቻቢቴ ሁሉም ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ ናቸው። ጋራዥ ውስጥ ያለው አማርኛ ግማሹ ጣሊያንኛ ይመስላል።) ብሎኑ የማይዝግ ብረት ይሁን። የአሉሚኒየም ጀልባ ከሆነች ግን ሁለቱ ብረቶች በቀጥታ ሲነካኩ፣ በተለይ ጨዋማ ውኃ ላይ፣ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ በመካከላቸው ፕላስቲክ ወይም ጎማ ይግባ። ወለሉ ኮምፔንሳቶ ካለበት እያንዳንዱ ቀዳዳ ለጀልባ በተሠራ ማሸጊያ ይደፈን። ውኃ ከገባበት ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ከላይም አይታይም።

ትራፓኖውን ከማንሳታችሁ በፊት ግን ከወለሉ ሥር ምን እንዳለ እወቁ። በብዙ ጀልባዎች የነዳጅ ታንክና የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፈው ከሹፌሩ ወንበር በታች ነው። ታንኩ የት እንደሚያልቅ በዓይናችሁ ካላያችሁ አትብሱ። ይህን ሥራ ለባለሙያ ከፍሎ ማሠራት ነውር የለበትም።

ትራስን በተመለከተ፣ የሶፋ ስፖንጅ ውኃ ይጠጣል፤ ከዚያም ይሻግታል። ውኃ የማያስገባ ጠጣር ስፖንጅ ጠይቁ። መጀመሪያ ደረቅ ይመስላል፤ ነገር ግን በጣም ለስላሳው ትራስ ማዕበል ሲመታ እስከ ታች ይወርድና ምቱ ወደ አከርካሪ ይደርሳል። የትኛውም ትራስ ቢሆን ትልቅ ማዕበልን አያሸንፍም። ያን ጊዜ ፍጥነት መቀነስ ነው። ጉልበታቸው ለአጭር ጊዜ የሚችል ከሆነም ጉልበትን ትንሽ አጥፎ መቆም ይረዳል። የፊት ጠርዙ ወደ ላይ የሚታጠፍ ወንበር ለዚህ ያገለግላል፤ ሲታጠፍ መቆሚያ ቦታ ይሰጣል፤ ጀርባንም ይደግፋል።

አንድ ነገር ቀረ። ሹፌሩ ከወንበሩ ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋ ገመድ አለ። በአሜሪካ ከእ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2021 ጀምሮ፣ ከ26 ጫማ ባነሱና 3 የፈረስ ጉልበት ወይም ከዚያ በላይ ሞተር ባላቸው ጀልባዎች ላይ ይህ ማጥፊያ ከተገጠመ፣ በፍጥነት ሲነዱ ከሹፌሩ ጋር መያያዝ እንዳለበት የፌዴራል ሕግ ያዛል። ወንበሩ ወደ ኋላ ወይም ወደ ላይ ከሄደ ገመዱ ሊያጥር ይችላል። ገመዱን አስረው መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዙሩ። ገመዱ ሳይሳብ መዞር አለበት። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው ገመዱን ይንቀሉት፤ ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። ይህን ካያችሁ በኋላ በቀስታ ወደ ሐይቁ ውጡ፤ ለመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል።