ይህ ማርክ የማን ነው?

እኛ ቀን በሰሚት ከሚገኙት የግል ትምህርት ቤቶች በአንዱ የምናስተምር፣ ማታ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው የምንማር ጥቂት መምህራን ነን። ያለፈውን የ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ስንመረምረው፣ ከደመወዝ ማነስና ከመገናኛው የታክሲ ሰልፍ ይልቅ ያስቸገረን የገዛ ፊርማችን ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ ጉዳዩን ሳንሸፍን ለተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ልናቀርብ ወደድን።

በመስከረም 48 የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ተረከብን። በመጀመሪያው የሒሳብ ፈተና ከግማሽ በላይ ያገኙት 11 ብቻ ነበሩ። በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እንደሚሰጥ የታወቀ ነው። ነገሩን ስናጣራው፣ «አንድ ነጋዴ በ240 ብር የገዛውን ዕቃ በ25 በመቶ ትርፍ ቢሸጥ ስንት ይቀበላል?» ብለን በአማርኛ ስንጠይቃቸው 300 ብለው የመለሱ ልጆች፣ ይኸው ጥያቄ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሲሰጣቸው ወረቀቱን ባዶውን መለሱት። ያቃታቸው ስሌቱ ሳይሆን ንባቡ ነበር።

ውጤቱን ስናስረክብ፣ «ወላጅ የሚከፍለው እንዲህ ያለ ካርድ ለመቀበል አይደለም፤ አስተካክሉት» ተባልን። አስተካከልነውም። ለደብተር ጥራት 10፣ ለተሳትፎ 10፣ ለቤት ሥራ 20 እየጨመርን ሁሉንም አሳለፍናቸው። ማንም እጃችንን ይዞ አላስፈረመንም፤ እንጀራችንን ፈርተን ፈረምን።

በየካቲት ካርድ ሲታደል፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ሱቅ ያላቸው አንዲት እናት ወደ እኛ መጡ። «መምህር፣ ልጄ በእንግሊዝኛ 84 አምጥታለች። ለሱቁ የገዛሁትን የሚዛን መመሪያ አንብቢልኝ ብላት ግን አንድ መስመር እንኳ አልወጣላትም። ይህ 84 የማን ነው?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ለ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ ለ2015 3.2፣ ለ2016 5.4፣ ለ2017 8.4 በመቶ ናቸው። ጦርነቱ፣ የመጻሕፍት እጥረቱና ድህነቱ የየራሳቸው ድርሻ እንዳላቸው አንክድም። ነገር ግን ልጁ በ12ኛ ክፍል በአንድ ቀን ደነቆረን? በ4ኛም፣ በ7ኛም፣ በ9ኛም ክፍል እንደ እኛ ያለ መምህር «አልፏል» ብሎ ፈርሞለት አይደለምን?

«ልጁ ተስፋ እንዳይቆርጥ ጥቂት ማርክ ቢጨመርለት ምን ይጎዳል?» የሚሉን ባልደረቦች አሉ። የሚጎዳውስ ልጁ ራሱ ነው። ማንበብ እንደማይችል በጊዜው ቢነገረው ይታገዝ ነበር፤ «84 አለህ» የተባለ ልጅ ግን እርዳታን አይሻም፤ ወላጁም አይጠረጥርም።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የማርክ ጭማሪውን ተውን። በየቀኑ ከትምህርት በኋላ 40 ደቂቃ እየቆየን፣ ጥያቄውን በመጀመሪያ በአማርኛ፣ ከዚያም በእንግሊዝኛ እያስነበብን አስተማርን። በሰኔ ፈተና ከ48ቱ 19 አለፉ። አራት ወላጆች ተቆጥተው ልጆቻቸውን አስወጡ፤ ከመካከላችን የሁለታችን ውል ለ2018 ዓ.ም. አልታደሰም። 19 ትንሽ ቁጥር ነው፤ ነገር ግን የልጆቹ የራሳቸው ነው።

ይህን የምንጽፈው ሊታዘንልን አይደለም። መምህሩ በሰጠው እውነተኛ ማርክ ምክንያት ከሥራ እንዳይወጣ የሚጠብቀው ደንብ ይውጣለት እንላለን። ለእናንተም ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የምንለው አለን። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማለፊያውን ያላገኙ ብዙ ተማሪዎች ለአቅም ማሻሻያ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ስለሚገቡ፣ የእኛ ስሕተት ከመኝታ ክፍላችሁ ደርሷል። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይመረቁ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየሄዱ፣ አብዛኞቹም እያስተማሩ ያገለግሉ ነበር። እኛ አንድ ዓመት አንለምናችሁም። በየቅዳሜው ሁለት ሰዓት ስጡን፤ ከሰፈራችሁ ልጆች ጋር ተቀምጣችሁ አስነብቡ።

እኛም ከእንግዲህ የልጁን ያልሆነ ማርክ አንፈርምም።