የቤት አያያዝ ሙያና የሠራተኛዋ ዋስትና በምዕራብ ጎጃም ከተሞች

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ነባር ሰፈሮች በጭቃ የተመረገ፣ ወለሉ በእበት የሚለቀለቅ ቤት ሴራሚክ ከተነጠፈበት የብሎኬት ቤት ጋር ጎን ለጎን ይገኛል። አያያዛቸው ግን አንድ አይደለም። የጭቃ ግድግዳ ውኃ ሲበዛበት ምርጊቱ ስለሚለቅ በደረቁ ይጸዳል፤ ስንጥቁም ክረምት ሳይገባ ይመረጋል። በአዲሱ ቤት ደግሞ ኬሚካል ይበዛል። በረኪና ከአሲድነት ካለው የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ከሰል በተዘጋ ክፍል ሲነድም ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ያመነጫል።

ይህን ዕውቀት የሚጠይቅ ሥራ ሙያ መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም ከገጠር ቀበሌዎች ወደ ከተማ የምትመጣ ወጣት በአብዛኛው የምትቀጠረው በዘመድ ወይም በደላላ በኩል፣ ያለ ሥልጠናና በቃል ስምምነት ነው። ያቺው ወጣት በቤት ሠራተኛነት ወደ ውጭ አገር ብትሄድ ግን በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ትጠየቃለች።

የሕግ ሽፋኑም ልዩነት አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት የሥራ ጣሪያ ቢደነግግም፣ ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ቅጥር ከተፈጻሚነት ወሰኑ ውጭ አድርጎ የሥራ ሁኔታው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ይተወዋል። ስለዚህ የቤት ሠራተኛዋ በዋናነት የምትተዳደረው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛ የሚጠብቀው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ግን በመኖሪያ ቤት ውስጥም ተፈጻሚ ነው።

በዚህ ሁኔታ የሠራተኛዋ ዋነኛ መከታ ውሏ ነው። የቃል ውል ቢጸናም ክርክር ሲነሳ ለማስረዳት ያስቸግራል። በመሆኑም አሠሪና ሠራተኛ የሚከተሉትን በጽሑፍ አስፍረው፣ በምስክር ፊት ፈርመው፣ አንድ አንድ ቅጂ ሊይዙ ይገባል፦

• የወር ደመወዝ መጠንና የሚከፈልበት ቀን፤
• የሥራው ዝርዝር፣ የሥራ ሰዓትና የዕረፍት ቀን፤
• የመኝታ፣ የምግብና የሕክምና ሁኔታ፤
• ውሉ የሚቋረጥበት የማስጠንቀቂያ ጊዜ።

ደመወዟ ለሌላ ሰው በአደራ የሚሰጥ ከሆነ በሠራተኛዋ ፈቃድና በደረሰኝ መሆን አለበት። መታወቂያዋንና የትምህርት ማስረጃዋን ራሷ ትይዛለች። አለመግባባት በስምምነት ካልተፈታ ጉዳዩ ለፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ያን ጊዜ የተፈረመው ወረቀት ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ይሆናል።