ብዕሩን ለተማሪው ስጡት
በሐረር ለኤረር በር አካባቢ ትምህርት ቤቶች ስማርት ቦርድ ይገዛ ቢባል አልቃወምም፤ ግን አስቀድሜ እጠይቃለሁ፦ ብዕሩን የሚይዘው ማን ነው? ጥያቄውን ያስነሳብኝ የፕላዝማው ልምድ ነው፦ በ1997 ዓ.ም አካባቢ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ያመጣ ነበር። ስክሪኑ ጥያቄ ያቀርባል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ ራሱ ይመልሳል፤ ተማሪው ቢገባውም ባይገባውም ይቀጥል ነበር። መምህሩ ሊያስቆመው ስለማይችል በገዛ ክፍሉ እንግዳ ሆኖ ቆመ። ስማርት ቦርድ ከዚህ የሚለየው መምህሩ የሚያስቆመው፣ የሚጻፍበት፣ የትናንቱን ክርክር ዛሬ መልሶ የሚያሳይ በመሆኑ ነው። መምህሩ በግንብ የታጠረውን የሐረር ጥንታዊ ከተማ፣ የጁገልን፣ ካርታ ከነአምስት ጥንታዊ በሮቹ ያውጣና «በ1998 ዓ.ም በዩኔስኮ በተመዘገበ ከተማ ውስጥ ሰው ቤቱን በብሎኬት ማደስ ይችላል?» ብሎ ይጠይቅ። አንዱ ቡድን «ይችላል» ብሎ ምክንያቱን ይጻፍ፣ ሌላው ከጎኑ ይሞግት፤ መምህሩም የተሳሳተውን ቶሎ አያጥፋ። ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማልኛ በሚሰሙባት ሐረር ለመናገር የሚያመነታ ልጅ ሐሳቡን በካርታው ላይ ምልክት አድርጎ ሊጀምር ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን መምህሩ ከሰለጠነ ብቻ ነው። ማብሪያና ማጥፊያውን ማሳየት ሥልጠና አይባልም፤ ጥሩ ጥያቄ ማውጣትን፣ ዝምታን መታገስን፣ ተቃራኒ ሐሳቦችን ማስተናገድን መለማመድ ያስፈልጋል። ይህን የለመደ መምህር መብራት ቢጠፋ እንኳ ውይይቱን በጠመኔ ይቀጥላል፤ ያልለመደው ግን ውዱን ሰሌዳ ሁለተኛ ፕላዝማ ያደርገዋል። ስለዚህ ትምህርት ቢሮዎች የግዢውን ጨረታ ከማውጣታቸው በፊት የመምህራኑን ሥልጠና በጀት ያጽድቁ።